ከደሴ ወደ ኦርላንዶ ዲዝኒ፦ የፍሎሪዳ የክትባት ሕግ መለወጥ የልጆቹን ጉዞ ይነካዋል?

ሸዋበር_ሰፈር (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ ወሎዬዎች። ለትምህርት ቤት የመንፈቅ እረፍት አምስት ሆነን ወደ ኦርላንዶ ልንሄድ ነው፤ ዘመድ ጥየቃም ነው፣ ለልጆቹ ዲዝኒም ነው። በረራው ጥር 20 ቀን 2018 ነው። በመንገዳችን ዱባይ ሦስት ቀን አድረን እዚያ ያለውን ፓርክ እንይ የሚል ሐሳብም አለ። የቪዛ ቃለ መጠይቃችን ኅዳር ላይ ነው።

ልጆቹ፦ አንዷ 9 ዓመቷ፣ አንዱ በጥቅምት 2014 ደሴ የተወለደ፣ ትንሹ መጋቢት 6 ቀን 2017 የተወለደና ገና የሚጠባ። የመካከለኛው ካርድ ላይ የ9 ወሩ ኩፍኝ አለ፣ የ15 ወሩ ቦታ ባዶ ነው።

ፍሎሪዳ የክትባት ግዴታን ልታነሳ ነው የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዱ «እንግዲህ ካርድም አያስፈልግ» ይለኛል፣ ሌላው «እንዲያውም አሁን ነው በር ላይ የሚጠይቁት» ይለኛል። ማን ምን እንደሚጠይቅና እስከ በረራው ባለን ሦስት ወር ምን ማድረግ እንዳለብን የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ቦሩ_ሜዳ

እህቴ፣ መጀመሪያ በሮቹን እንለያያቸው። ሰው የሚደናገረው አምስት የተለያየ በር እንደ አንድ ስለሚቆጥር ነው።

ቪዛው፦ ለጉብኝት ቪዛ የክትባት ካርድ አይጠየቅም። ክትባት የሚጠየቀው በስደተኛ ቪዛ፣ ማለትም ዲቪ የደረሰው ወይም በቤተሰብ ተጠርቶ የሚሄድ ሰው የሕክምና ምርመራ ሲያደርግ ነው። እዚያም ቢሆን የኮቪድ ክትባት ከጥር 2025 (በፈረንጅ) ጀምሮ ቀርቷል።

የአሜሪካ መግቢያ፦ በአውሮፕላን ለሚገባ የውጭ ሰው የነበረው የኮቪድ ክትባት ግዴታ ግንቦት 2023 ላይ ተነሥቷል። ለቢጫ ወባ አሜሪካ ከማንም አገር ለሚመጣ ካርድ አትጠይቅም።

ፓርኩ፦ የፍሎሪዳው ዲዝኒ ኮቪድ በበረታበት ጊዜ እንኳ ጎብኚን ጭምብል አስለበሰ እንጂ የክትባት ካርድ አልጠየቀም። አሁንም አይጠይቅም። በር ላይ የሚታየው ቲኬትና ቦርሳ ነው።

የፍሎሪዳ ትምህርት ቤት፦ ዜናው የሚያወራው ስለዚህ በር ብቻ ነው። መስከረም 3 ቀን 2025 (በፈረንጅ) የግዛቲቱ የጤና ኃላፊ ጆሴፍ ላዳፖ ለትምህርት ቤት የሚጠየቁትን ክትባቶች ሁሉ ለማስቀረት እንደሚሠሩ አስታወቁ። ሁሉም ግን በአንድ ፊርማ አይነሣም። በጤና መሥሪያ ቤቱ መመሪያ የገቡት አራቱ (ሄፓታይተስ ቢ፣ የጉድፍ ክትባቱ ቫሪሴላ፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መከላከያዎቹ ሂብ እና ኒሞኮካል) በመሥሪያ ቤቱ ሊነሡ ይችላሉ። ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ የመሳሰሉት በሕግ የተጻፉ ስለሆኑ የግዛቲቱ ምክር ቤት ካልሻራቸው ይቀጥላሉ። ልጆችሽ እዚያ ትምህርት ቤት ካልገቡ ይህ ሁሉ በወረቀት ደረጃ አይመለከትሽም።

አምስተኛው በር ትራንዚት ነው። አንቺን የሚይዝሽ እሱ ነው፤ ቲኬት ቆራጩ ቢመልስልሽ ይሻላል።

---

ሐይቅ_ዳር

ታዲያ ቪዛም ካልጠየቀ፣ ፓርኩም ካልጠየቀ፣ ምን አስጨነቀን? ልጆቹን ይዞ መሄድ ነው። ወረቀት ለማይጠይቅ ወረቀት ማሳደድ ምንድን ነው?

---

ቲኬት_ቆራጭ_ኮምቦልቻ

ሐይቅ_ዳር፣ «ማንም አይጠይቅም» ያለው ማን ነው? ቦሌ ቼክ ኢን ላይ የቆመችው ልጅ ትጠይቃለች። አየር መንገዶች ቲማቲክ የሚባል የጉዞ ሰነድ መመልከቻ አላቸው። ፓስፖርትሽን፣ የተነሣሽበትን አገር፣ የምታልፊበትንና የምትደርሺበትን ያስገቡና የሚወጣውን ያያሉ። «ቢጫ ወባ ያስፈልጋል» ካለ ካርድ የሌለው አይሳፈርም፤ ያለ ሰነድ ጭነው ከወሰዱ መልሶ የማምጣቱ ወጪ የአየር መንገዱ ነውና አይደራደሩም።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ደሴ ደጋ ናት፣ የወባ ትንኝ እንኳ አትወጣም የሚል ክርክር ካውንተር ላይ አይሠራም። ዝርዝሩ በአገር እንጂ በቀበሌ አይደለም። በሽታው በፈረንጅ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ታይቷል፤ ለውጭው ሰው ሁላችንም ከዚያ እንደመጣን ነው።

ስለዚህ መንገድሽን በሁለት ክፈይው፦

ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ከሆነ (ዋሽንግተን፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎ ወይም አትላንታ፤ ኦርላንዶ ቀጥታ የለም፣ ከዚያ የአገር ውስጥ በረራ ነው) የቢጫ ወባ ካርድ ባይኖርሽም ትሄጃለሽ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ቢያርፍ ከውስጥ ካልወጣሽ አይቆጠርም።

በመሐል አገር ገብተሽ የምታድሪ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከሥጋት አገር ለሚመጣ መንገደኛ ካርድ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሕንድ፣ ግብፅ፣ ታይላንድ ምሳሌ ናቸው። ብዙዎቹ ከ9 ወር ጀምሮ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ዓመት ጀምሮ ይጠይቃሉ፤ ከኤርፖርት ሳይወጡም ትራንዚቱ ከ12 ሰዓት ካለፈ እንደመግባት የሚቆጥሩ አሉ። ዱባይ ወጥታችሁ ለምታድሩ አምስታችሁም፣ ትንሹ ጭምር፣ ያለ ካርድ አትነሡ። ትንሹ በበረራው ቀን አሥር ወር ያልፈዋል፤ «ሕፃን ነው» የሚለው አያድነውም።

ደግሞ ስለ ቪዛው ሳይረሳ፦ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአሜሪካ ጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ነው። ኅዳር ላይ ቢሰጥሽ ጥር 20 ትደርሺበታለሽ፤ በክትባት መዘግየት ጉዞው ወደ የካቲት መጨረሻ ከተገፋ ግን ቪዛው ሊያልቅብሽ ይችላል። አንድ መግቢያ ስለሆነም ከፍሎሪዳ በመርከብ ባሃማስ ደርሶ መመለስ የሚባለውን ፓኬጅ አትንኪው። መውጣቱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ግን የለም።

---

ቦሩ_ሜዳ

ሐይቅ_ዳር ላነሣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ መልስ አለ። ግዴታ ሲነሣ ወረቀቱ ይቀላል፣ ሥጋቱ ግን ይብሳል፤ የሚከተብ ሰው ይቀንሳልና።

ኩፍኝ አንድ የታመመ ሰው ካልተከተቡት ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰው የሚይዝበት በሽታ ነው። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ገና ጉንፋን መስሎት ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ማለት ነው። እንዳይዛመት ከመቶ 95 ሰው መከተብ አለበት። በ2024/25 የትምህርት ዘመን የአሜሪካ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሽፋን 92.5 በመቶ ነበር፤ ፍሎሪዳ ከ90 በታች ነበረች። ይህ እንግዲህ ግዴታው ሳይነሣ ነው። በ2025 አሜሪካ የመዘገበችው የኩፍኝ ቁጥር ከ1992 ወዲህ ያልታየ ነው።

የመዝናኛ ፓርክ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ የተዘጋ የሰልፍ መተላለፊያ፣ ሕፃን በጋሪ። በታኅሣሥ 2014 (በፈረንጅ) ካሊፎርኒያ ባለው ዲዝኒላንድ የተነሣው ኩፍኝ ከመቶ በላይ ሰው ይዞ ሜክሲኮና ካናዳ ድረስ ደርሷል። ካሊፎርኒያ ከዚያ በኋላ በ2015 «እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ ልጅን ሳያስከትቡ ትምህርት ቤት ማስገባትን የሚያስቀር ሕግ አወጣች። ያኔ አንዷ ግዛት ያጠበቀችውን በር ነው ዛሬ ሌላዋ ልትከፍት የተነሣችው።

የአንድ ዶዝ መከላከል 93 በመቶ ገደማ፣ የሁለት ዶዝ 97 በመቶ ነው (ይህ ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ ለተሰጠ ነው፤ በ9 ወር የሚሰጠው ትንሽ ያንሳል፣ የ15 ወሩ የተጨመረውም ለዚህ ነው)። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን ዙር በ2019 (በፈረንጅ) ስትጀምር ብዙ እናት «አንዴ ተከትቧል» ብላ ቀረች። ቡና ላይ አቦል ጠጥቶ ቶናን ሳይጠብቅ የሚነሣ እንግዳ ወሎ ውስጥ ምን ይባላል? እንደዚያ ነው።

---

መርሳ_ወልድያ

የጥቅምት 2014ቱ ልጅ ላይ ላተኩር፤ ብዙ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጅ ያንኑ ጥያቄ ይዟል።

ያ ልጅ የተወለደው ከተማው በጦርነቱ ሊያዝ ቀናት ሲቀሩት ወይም ተይዞ ሳለ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ደሴ ላይ ክትባት በወጉ አልተሰጠም፤ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ማቀዝቀዣውም መዝገቡም የጠፋበት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተወለዱ ልጆች ካርድ ላይ ሦስት ዓይነት ችግር ይታያል፦ የልደት ቀኑ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና ፖሊዮ ዜሮ (ሲወለድ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት) ባዶ መሆን፣ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ ዘግይቶ መጀመር፣ ወይም ካርዱ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሎ መጥፋት።

የዘገየ ክትባት እንደገና ከዜሮ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በዶዞች መካከል ያለው ጊዜ ቢረዝም ችግር የለውም፣ ቢያጥር ነው የማይቆጠረው። ለኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሪያው ቢያንስ 4 ሳምንት ካለፈ በ4 ዓመትም ይሰጣል። «የ15 ወር ዕድሜ አልፎታል» ብላ የምትመልስሽ ካለች በትሕትና ኃላፊዋን ጠይቂ።

ካርድ የጠፋበት ሰው የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ከተረፈ ከዚያ ይገለበጥለት። መዝገብም ከሌለ «ተከትቧል፣ አስታውሳለሁ» ማስረጃ አይሆንም፤ ያልተከተበ ተቆጥሮ ይሰጠው። ኩፍኝ ሦስተኛ ጊዜ ቢከተብ አይጎዳውም።

ስትሄጂ ደግሞ ቀኑን ጠይቂ። የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው ለብዙ ልጅ በሚሆን ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ለአንድ ልጅ መክፈት አይወድም፤ ልጆች የሚሰበሰቡበት ቀን አለው። ቢጫ ወባም እንደዚያው ነው፣ በዚያ ላይ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይሰጠውም። ዓለም አቀፉን የቢጫ ወባ ካርድ ማኅተም መምታት የተፈቀደለት የትኛው ተቋም እንደሆነ ከከተማው ጤና መምሪያ ጠይቀሽ፣ ብልቃጥ የሚከፍቱበትን ቀን ቀጥረሽ ሂጂ። ብዙ ሰዎች እሱን ሳያጣሩ አዲስ አበባ ሄደው ያድራሉ።

---

ሸዋበር_ሰፈር

እግዜር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ኩፍኝና ቢጫ ወባ በአንድ ቀን ይሰጣሉ ወይስ ይለያያሉ? እኔስ እያጠባሁ ቢጫ ወባ መከተብ እችላለሁ?

---

ቦሩ_ሜዳ

ሁለቱም ሕያው (የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው) ክትባቶች ናቸው። ወይ በአንድ ቀን በሁለት የተለያየ ቦታ (አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ) ይሰጣሉ፣ ወይ ቢያንስ 4 ሳምንት ይለያያሉ። የሚበላሸው መሐሉ ነው፤ ዛሬ ኩፍኝ፣ በአሥረኛው ቀን ቢጫ ወባ ከሆነ ሁለተኛው በደንብ ላይይዝ ይችላል። ሰው ይህን የሚሳሳተው ሁለቱን ከተለያየ ተቋም ስለሚወስድና አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ ነው። ሁለቱንም ካርድ ይዘሽ ሂጂ።

ማጥባትን በተመለከተ፦ ሕፃኑ ከ9 ወር በታች እያለ የምታጠባ እናት ቢጫ ወባ ባትከተብ ይመረጣል፤ በወተት ወደ ሕፃኑ የተላለፈበት አጋጣሚ ጥቂት ቢሆንም አለ። ስለዚህ አንቺ አሁን አትከተቢ። ሕፃኑ 9 ወር የሚሞላው ታኅሣሥ 6 ነው (በፈረንጅ ዲሴምበር 15፣ 2025)። የዚያን ቀን ወይም ከዚያ በኋላ አንቺም እሱም በአንድ ላይ። አባትየው፣ ትልቋና መካከለኛው አሁኑኑ ይችላሉ።

ቢጫ ወባ የማይሰጣቸውንም ልብ በሉ፦ ከ6 ወር በታች ሕፃን ፈጽሞ፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ በበሽታ ወይም በመድኃኒት የደከመ። እርጉዝና ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይከተብ። አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ይህ ይመለከታችኋል። መከተብ የማይችል ሰው በዚያው ካርድ ላይ በሐኪም የተፈረመና የታተመ የሕክምና ምክንያት ያጽፋል፤ መቀበል አለመቀበሉ ግን የተቀባዩ አገር ፈቃድ ነው።

ካርዱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ታኅሣሥ 6 የተወጋ ታኅሣሥ 16 ይጸናል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው። ይህም የተለወጠ ደንብ ነው፦ እስከ 2016 ድረስ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፣ ከሐምሌ 11 ቀን 2016 (በፈረንጅ) ጀምሮ ቀርቷል። ለዐረብ አገር ሥራ ወይም ለሐጅ ሲሄዱ የተከተቡ ሰዎች ካርድ ላይ «10 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍም ይሠራል፤ ሌላ ገንዘብ ከፍላችሁ አታሳድሱ።

---

ቲኬት_ቆራጭ_ኮምቦልቻ

ካርድ ላይ የሚበላሹትን ልዘርዝር፤ ክትባቱን ወስዶ በወረቀቱ የሚመለስ ብዙ ነው።

ስም፦ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ ከነአያቱ። ሙሐመድ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋል። ለባለሙያዋ በቃል አትንገሩ፣ ፓስፖርቱን ከፍታችሁ አስይዙ። ፓስፖርት ሳይወጣ መከተብ የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው።

ቀን፦ ወር በአኃዝ ሳይሆን በፊደል ይጻፍ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን። ትልቁ ወጥመድ የእኛ አቆጣጠር ነው። የትንሹን የልጅነት ካርድ ተመልከቱ፤ የ6 ሳምንቱ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ተወግቶ «18/8/2017» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያየ የውጭ ሰው ኦገስት 18፣ 2017 ብሎ ያነባል። ልጁ ደግሞ በፓስፖርቱ በማርች 2025 የተወለደ ነው። ከመወለዱ ሰባት ዓመት ተኩል በፊት የተከተበ ልጅ! ትክክሉ ኤፕሪል 26፣ 2025 ነው። ጳጉሜ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ 13ኛ ወር ይሆናል፤ «3/13/2016» የተባለ ካርድ ፊት ምን ይላሉ?

ስለዚህ ለኩፍኝና ለሌሎቹ የልጅነት ክትባቶች ጤና ጣቢያው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀን፣ በማኅተም አንድ ገጽ ይጻፍላችሁ። ዋናውን ካርድ ግን አትጣሉ፣ አብሮ ይሂድ።

ሌላው፦ የዓለም አቀፉ ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ነው። የክትባቱ አምራችና የባች ቁጥር፣ የባለሙያው ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም ይኑረው። ለሕፃን ወላጅ ይፈርማል። ስርዝ ድልዝ ካለበት ዋጋ የለውም፤ ሲሳሳቱ በላዩ አስተካክለው ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፣ አዲስ ይጻፍ።

---

የጦሳ_ልጅ_ኦርላንዶ

ከዚህ በኩል ያለውን ልጨምር። አብሽሪ እህቴ፣ ጥር መጨረሻ ጥሩ ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ይቀላል፣ የገናና የአዲስ ዓመት ሰልፍም አልፏል።

ዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርክ ነው፤ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ አኒማል ኪንግደም። ከ3 ዓመት በታች ቲኬት አይከፍልም፣ ስለዚህ ትንሹ በነፃ ነው። ከ3 እስከ 9 የልጅ ዋጋ፣ ከ10 ጀምሮ የአዋቂ። የ9 ዓመቷ ልደቷ ከጉዞው በፊት መሆኑን አለመሆኑን አስቢ።

ቲኬት መቼ ይገዛ ለሚለው፦ ቲኬቱ በቀን የታሰረ ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም። ያልተጠቀሙበት ቲኬት ቀን ይቀየራል፣ የዋጋ ልዩነቱን ግን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ቪዛው ሳይመታ፣ የሕፃኑ የታኅሣሥ 6 ክትባት ሳያልፍ አትግዙ። ሆቴልና ቲኬት በአንድ ፓኬጅ ከያዛችሁ ከመድረሻ ቀን ከ30 ቀን በፊት የመሰረዣ ቀነ ገደብ አለ፤ ለጥር መጨረሻ ጉዞ ያ ቀን ገና ሳይደርስ ውሳኔያችሁ ይለቅ።

ፓርኩ ውስጥ ለሕፃን፦ በአራቱም ፓርክ የሕፃናት መንከባከቢያ ቤት አለ፤ ማጥቢያ ክፍል፣ ዳይፐር መቀየሪያ፣ ወተት ማሞቂያ። ቁመት የማይፈቅድለት ልጅ ካለ አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ቆይቶ ሌላው ሲመለስ ሰልፍ ሳይጠብቅ የሚገባበት አሠራር አለ፤ መግቢያው ላይ ለሠራተኛው መንገር ብቻ ነው። ይህን ከኩፍኝ አንጻርም ተጠቀሙበት፤ ሕፃኑ በተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ አንድ ሰዓት ከመቆም ውጭ ጥላ ሥር ቢቆይ ይሻላል። በቤት ውስጥ የሚካሄዱትን ትርኢቶች ለትልልቆቹ ትታችሁ የመንገድ ላይ ትርኢቱንና ባቡሩን ከውጭ አሳዩት።

---

ሐይቅ_ዳር

እሺ ተቀብያለሁ። ግን እንዲህ ከሆነ ትንሹን ለአያቱ ትቶ መሄድ አይቀልም? አሥር ወር ልጅ ዲዝኒን ምን ያውቀዋል?

---

መርሳ_ወልድያ

የሚጠባን ልጅ ለሁለት ሳምንት ትቶ መሄድ ከኩፍኙ የሚብስ ጣጣ ነው፤ ጡጦ ያልለመደ ሕፃን በድንገት ሲነጠል የሚደርስበትን አያቶች ያውቁታል። ኩፍኝም ደሴ የሌለ ይመስል? ኢትዮጵያ ውስጥ በየጊዜው ይነሣል። ያለ ክትባት እዚህ መቅረቱ አያድነውም፣ ተከትቦ እዚያ መሄዱም አይገድለውም። የኔ ሐሳብ፦ ይሂድ፣ ግን ተከትቦ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት።

---

ቦሩ_ሜዳ

እስማማለሁ፤ አንድ ልዩነት አለኝ። ቀኑ ቢለወጥና ሕፃኑ 9 ወር ሳይሞላው መሄድ ግድ ቢሆን፣ ከ6 ወር ጀምሮ ለዓለም አቀፍ ጉዞ አንድ ዶዝ ኩፍኝ አስቀድሞ መስጠት ይቻላል። ያ ዶዝ ተጨማሪ ነው፤ የ9 እና የ15 ወሩን አይተካም። ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት አሜሪካ ውስጥ ለትምህርት ቤት አይቆጠርም፤ እዚያ ለሚቀሩ ልጆች ይህን ማወቅ ይበጃል።

---

ሸዋበር_ሰፈር

በናንተ ምክር እንዲህ አስቀመጥኩት፣ ስህተት ካለ አርሙኝ፦

በዚህ ሳምንት የሦስቱም ልጆች ካርድ ይመረመራል። መካከለኛው ኩፍኝ ሁለተኛውንና ቢጫ ወባን በአንድ ቀን፣ አባትየውና ትልቋ ቢጫ ወባ አብረው። ኅዳር ቪዛ። ታኅሣሥ 6 እኔና ትንሹ፤ እሱ ኩፍኝና ቢጫ ወባ፣ እኔ ቢጫ ወባ። ታኅሣሥ 16 ካርዳችን ይጸናል። ከዚያ የፓርኩ ቲኬት። ጥር 20 በረራ።

ዱባይን ግን ልተዋት ወይስ ልያዛት?

---

ቲኬት_ቆራጭ_ኮምቦልቻ

ካርዱ ከተሟላ ያዢያት፣ ግን የዱባዩ ሆቴል የሚሰረዝ ዓይነት ይሁን። ከአምስታችሁ የአንዱ ካርድ ከተበላሸ በቀጥታው በረራ መሄድ እንድትችሉ፣ የቲኬቱን መቀየሪያ ክፍያ ሳትገዙ ጠይቁ። ከበረራው 72 ሰዓት በፊትም አየር መንገዱን ደውለሽ «ለአምስት ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት፣ በዚህ መንገድ፣ ቲማቲክ ምን ይላል?» በይ። ደንብ በመሐል ቢለወጥ እዚያ ላይ ቀድሞ ይታያል።

---

ቦሩ_ሜዳ

ታኅሣሥ 6 ሰኞ ነው፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል፣ በጠዋት ሂጂ። በትልቋም ካርድ ላይ ሁለት ኩፍኝ መኖሩን ሳታዪ አትለፊያት። የ9 ዓመት ልጅ ከሆነች የ15 ወሯ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ነበር፤ በዘመቻ ካልተሰጣት አንድ ብቻ ነው ያላት። ለሷም ከቢጫ ወባው ጋር በአንድ ቀን።

ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ባሉት ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን አንዳንድ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ቀለል ያለ ሽፍታም ሊወጣበት ይችላል። ለትንሹ ያ ከታኅሣሥ 11 እስከ 18 ነው፣ ከበረራው ሩቅ ስለሆነ ደህና ነው። ክትባቱ ቢዘገይ ግን ከበረራው በፊት ባለው ሳምንት አታድርጊው፤ ሽፍታ ያለበትን ሕፃን ይዞ ቼክ ኢን ላይ መከራከር አይቻልም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ የኩፍኝ ታማሚ ነበር» የሚል ማስታወቂያ ከወጣና እናንተ እዚያ ከነበራችሁ፣ ያልተከተበ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ ይረዳዋል፤ ለሕፃንና ለእርጉዝ ደግሞ እስከ 6 ቀን ድረስ የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል) አለ። መከላከያ የሌለው ሰው 21 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሊጠየቅ ይችላል፤ የመመለሻ ቲኬታችሁን የሚበላው ይኸው ነው። ካርድ ያለው ልጅ ግን ካርዱን አሳይቶ ይሄዳል። ልጅ አተኩሶ ሽፍታ ካወጣ ክሊኒክ ዘው ብላችሁ አትግቡ፤ ቀድማችሁ ደውሉ፣ በሌላ በር ያስገቧችኋል።

---

የጦሳ_ልጅ_ኦርላንዶ

እንግሊዝኛውን ገጽ ሁለት ኮፒ አድርጊና አንዱን ለዘመዶችሽ ቀድመሽ በስልክ ላኪላቸው። ሻንጣ ይጠፋል፤ ካርዱ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

---

ሸዋበር_ሰፈር

የትልቋን አየሁት፤ እውነትም አንድ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ትልቋንና መካከለኛውን ይዤ እሄዳለሁ።